ኖራ የተነሰነሰባቸው ኮረብታዎች

በካናዳዋ ሰድበሪ ለዓመታት ኖሬም ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በጥቁር አለቶቿ ላይ ነው። ያጠቆራቸው ጭስ ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ግዙፍ የኒኬል ሳንቲም ሐውልት ለሌሎች ትቼ ስለ ኮረብታዎቹ ላውጋ።

እ.ኤ.አ. በ1883 የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ መዳብና ኒኬል ተገኘ። ማዕድኑ ድኝ ስላለበት ከመቅለጡ አስቀድሞ መቃጠል ነበረበት። ደኑ ተጨፍጭፎ እንጨቱ ሜዳ ላይ ይነጠፋል፣ ማዕድኑ ይከመርበታል፣ እሳት ይለቀቅበታል፤ ክምሩ ለወራት ይጨሳል። እስከ 1929 ድረስ እንዲህ ተሠራ። መሬት ለመሬት የሚሳበው ጭስ ቅጠሉን አቃጠለ፤ የሚይዘው ሥር ያጣውን አፈር ጎርፍ ጠረገው። በተረፈው ላይ አሲድና የብረታ ብረት ብናኝ ተጠራቀመ፤ ዘር ቢወድቅበት እንኳ ሥር መስደድ አቃተው።

ጨዋታቸው የማይጠገብ አንድ የቀድሞ የማቅለጫ ሠራተኛ አሉ። «እናቴ ማታ አረንጓዴ ትታው የገባችው ሰላጣ ጠዋት ነጥቶ ይጠብቃት ነበር» ይላሉ። 381 ሜትር ተደርጎ የተሠራው የማቅለጫው ጭስ ማውጫ በ1972 ሥራ ሲጀምር የከተማዋ አየር ቀለል አለ፤ ጭሱ ግን ርቆ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ልቀቱ በእጅጉ የቀነሰው ኋላ በወጡ ሕጎችና በተለወጠው የማቅለጥ ዘዴ ነው።

የሽማግሌው ፊት የሚፈካው ግን 1978 ሲነሳ ነው። በዚያ በጋ ከተማዋ ተማሪዎችን ቀጥራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በከረጢት አሸክማ ኮረብታ አስወጣች። «ማታ ሲወርዱ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስሉ ነበር፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው!» ኖራው የአፈሩን አሲድ አበረደ፤ ማዳበሪያና የሣር ዘር ተከተለ። ከዚያ ማንም ያልተከላቸው የበርችና የአኻያ ዛፎች ዘራቸው በነፋስ መጥቶ በቀሉ። የጥድ ችግኝ ተጨመረ፤ እስከ 2022 ከ10 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተክሏል። የተባበሩት መንግሥታት በ1992 ከተማዋን ሸልሟታል፤ ይገባታል።

የአፖሎ ጠፈርተኞች እዚህ የሠለጠኑት ምድሯ እንደ ጨረቃ ስለተራቆተ ነው የሚለው ወሬ ያናድደኛል። የመጡት ከሰማይ የወረደ አካል በጥንት ዘመን የሰነጣጠቃቸውን አለቶች ሊያጠኑ ነው።

ወደ ኮረብታዎቹ ልመለስ፤ ከተተከሉት ጥዶች ሥር ግን ገና ባዶ ነው። ስለዚህ አሁን መንገድ ሲሠራ የሚነሳው የደን አፈር ከነቁጥቋጦው እየተቆረጠ እንደ ምንጣፍ እዚያ ይዘረጋል። ሽማግሌው ይህንንም ቆመው ያያሉ፤ ወጣቶቹ ቶሎ ውኃ ካላጠጡት ይቆጣሉ።