የአያቴ ሰባት ቤት እና የእኔ ላፕቶፕ

ቅዳሜ እህቴን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተባለ። ሐሙስ ማታ ደግሞ የልጁ አጎት ለእናቴ ደወሉ። «ሁለታችንም ጎጃሞች ነን፣ ያውም የአንድ አካባቢ ሰዎች። ዝምድና እንዳይኖር ከቅዳሜ በፊት ቆጠራውን እንጨርስ» አሏት። በብዙ የአማራ አካባቢዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ስለዚህ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይቆጠራል።

የአባቴ ወገን ቀላል ነበር። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ቆጥሮ ጨረሰው። የእናቴን ወገን የምታውቀው ግን አያቴ ብቻ ናት። አያቴ ደግሞ አሁን ትረሳለች። ሦስተኛው ስም ላይ ስትደርስ «ቆይ፣ ቡናው ፈላ?» ትልና ሌላ ወሬ ትጀምራለች።

«አንተ ድምጿን ቀድተህ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ እናቴ።

ቀድቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የታሪክ ኮርስ ስድስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል አውርታልኛለች። ፋይሎቹ ያሉት ግን የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ነው። ያልተጨመቀ ጥሩ ድምፅ በሰዓት ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ ያኔ ላፕቶፔ ሞልቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከቤታችን በመኪና አምስት ሰዓት ይርቃል። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ስሜን ሳስገባ ፎልደሬ ራሱ ይመጣል። ከቤት፣ በራሴ ላፕቶፕ፣ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ላፕቶፑ የአጎቴ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ሲከብደው ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ነጻ ነው፣ ፈጣንም ነው። ችግሩ፣ የዩኒቨርሲቲው መመሪያ ለዊንዶውስና ለማክ እንጂ ለእኔ አልተጻፈም።

መጀመሪያ «ሰርቨሩ አልተገኘም» አለኝ። እንዲህ ያለ የፋይል ሰርቨር ብዙ ጊዜ ከውጭ ኢንተርኔት አይታይም። ምክንያት አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገር የተሰራጨው በዚሁ ፋይል መጋሪያ በአሮጌው ስሪት በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቪፒኤን ማብራት ያስፈልጋል። ቪፒኤን ቤቴ የተቀመጠውን ላፕቶፕ ግቢ ውስጥ እንዳለ ያደርገዋል። ስልኬ ላይ ማረጋገጫ መጣ፤ ተጫንኩት፤ ገባሁ።

ቀጥሎ አድራሻው። ዊንዶውስ ላይ አድራሻው የሚጀምረው ወደ ግራ ባዘመሙ ሁለት ሰረዞች ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ኤስ፣ ኤም፣ ቢ ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዘመሙ ሁለት ሰረዞች። ይህን ሳስተካክል ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሰጠሁት። እምቢ አለ። እንደገና ጻፍኩ። አሁንም እምቢ።

ሦስተኛውን ከመሞከሬ በፊት ቆም አልኩ፤ ደጋግመው ከተሳሳቱ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል። በስሙና በይለፍ ቃሉ መሃል «ዶሜይን» የሚል ሳጥን ነበር። ኡቡንቱ ራሱ «ወርክግሩፕ» ብሎ ሞልቶታል፤ እኔም አልነካሁትም። ለካስ እዚያ መግባት ያለበት የዩኒቨርሲቲው አጭር ስም ነው። ነገሩ እንደ አባት ስም ነው፦ ስሜ ብቻውን አይበቃም፣ የማን ወገን እንደሆንኩም ይጠይቃል። ስሙን ቀየርኩት። ፎልደሬ ተከፈተ።

«ደረሰ?» አለች እናቴ ከኩሽና።

አልደረሰም። ፋይሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ፤ ሁለት ጊዜ። አብሮኝ ለሚማር ጓደኛዬ ደወልኩ። «ሲአይኤፍኤስ-ዩቲልስ የሚባለውን ጫንና በተርሚናል አያይዘው» አለኝ። ማውንት በሚባለው ትእዛዝ የዩኒቨርሲቲውን ፎልደር ላፕቶፔ ውስጥ ካለ ባዶ ፎልደር ጋር አያያዝኩት። (የይለፍ ቃላችሁን ትእዛዙ ውስጥ አትጻፉ። ተርሚናል የጻፋችሁትን ሁሉ ያስታውሳል። ሲጠይቃችሁ ብቻ ስጡት።)

አሁን ተከፈተ፤ ግን የፋይሎቹ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ያኔ እየኮራሁ ሁሉንም በፊደል ነበር የሰየምኳቸው። አሁን ከጥያቄ ምልክት በቀር ምንም አይታይም፤ ብጫነውም አይከፈትም። እጄ ቀዘቀዘ። ጠፋ ብዬ ለእናቴ ምን እላታለሁ?

አልጠፋም። ላፕቶፔ ስሞቹን ሊያነብ የሞከረው የእኛ ፊደል በሌለበት ዝርዝር ነበር። ፎልደሩን አላቀቅኩት፣ ትእዛዙ ላይ የምንጠቀመው ዩቲኤፍ-8 ነው የሚል አንድ ቃል ጨመርኩ፣ እንደገና አያያዝኩት። ፊደሎቹ ተመለሱ። ሦስተኛው ፋይል «እማማ ሰባት ቤት ስትቆጥር» ይላል።

እስኪገለበጥ ድረስ ጓደኛዬ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ሊኑክስ የዊንዶውስን ፋይል መጋሪያ እንዲናገር መንገዱን የከፈተው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ነው። የጀመረው አንድሩ ትሪጅል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ፣ የአውስትራሊያ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ። ስሙንም ያገኘው ኤስ፣ ኤም እና ቢ በተራ የሚገኙባቸውን ቃላት ኮምፒውተሩ እንዲፈልግለት በማዘዝ ነው። ከወጡት ቃላት አንዱ ሳምባ ነበር።

ፋይሉ ሲያልቅ እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። አያቴ ነጠላዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ድምፁን ከፈትኩት። የዛሬ ሁለት ዓመት ድምጿ ጠንካራ ነው፤ ሳትደናቀፍ ትቆጥራለች። እናቴ ስድስት ስም ጻፈች።

«ይቺ ሴት ማን ናት?» አለች አያቴ።

እናቴ መልስ አልሰጠችም።

«ጎበዝ ናት። ግን አምስተኛውን ዘለለችው» አለችና ስሙን ጠራችው።

እናቴ በአራተኛውና በአምስተኛው መሃል፣ በጠባቡ ቦታ፣ ስሙን አስገባችው። በማግስቱ ጠዋት ለልጁ አጎት ደውላ ሰባቱንም አነበበችላቸው። የእነሱን ደግሞ እሳቸው አነበቡ። አንድም ስም አልገጠመም። ስልኩን እንደዘጋች ወደ እኔ ዞር አለች፦ «ሌሎቹ አምስቱስ? እነሱ ላይ ምን አለች?»

ፊልሞቼን አጥፍቼ ቦታ አስለቀቅኩና እነሱንም መገልበጥ ጀመርኩ።