ቀይ ቀበሮና የአጎቴ ውሻ

ጋዜጠኝነት ስማር አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፤ ዜና ገዳይ ይወዳል። ስለ ዱር እንስሳት የምንጽፍ ከሆነማ ገዳዩ ጠመንጃ ያነገተ ሕገ ወጥ አዳኝ ቢሆንልን እንመርጣለን። ፎቶው ያምራል፣ ርእሱም ይስባል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ገዳይ ግን ጅራቱን እየቆላ የሚቀበላችሁ ነው። ሌሊት በግ ይጠብቃል፣ ምናልባት አሁን እናንተም ግቢ ውስጥ አንዱ ተኝቶ ይሆናል። አዎ፣ ስለ ውሻ ነው የማወራው።

የእናቴ ወገኖች የቦረና ሰዎች ናቸው። ግመል የታያችሁ ካላችሁ ተመለሱ፤ እኔ የምላችሁ የደቡብ ወሎውን ቦረና ነው፣ ከተማው መካነ ሰላም የሆነውን። እዚያ የደንቆሮ ደን አለ (በስሙ አትሳቁ)። አሁን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አስታና ጅባራ። ጭላዳ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ ነብርም አይጠፋም። በጣት የሚቆጠሩ ቀይ ቀበሮዎችም አሉ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። በሕይወት ያሉት አዋቂዎቹ ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ የቀሩት እንደ ሰሜን ተራሮች፣ አቡነ ዮሴፍ፣ መንዝ ጓሳና የእኛው ቦረና ሳይንት ባሉ ቦታዎች በትንሽ በትንሹ ተበታትነዋል። በተራራና በተራራ መካከል እርሻና ቆላ ስላለ እንደልብ መሻገር የለም። አንዱ ተራራ ላይ ካለቁ መጥቶ የሚተካቸው አይገኝም ማለት ነው።

ውሻ እዚህ ውስጥ ምን ያገባዋል? የሥጋ ዘመዳቸው ነዋ! የእሱ በሽታ የእነሱም በሽታ ነው። ቀይ ቀበሮ ቀን ለብቻው አይጥ ሲያድን ይውልና ከቤተሰቡ ጋር ሲገናኝ ይላላሳል፣ ተጠጋግቶ ያድራል። አንዱን ያበደ ውሻ ከነከሰው ቤተሰቡ ሁሉ አለቀለት። ባሌ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ ቀጥሎም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ገብቶ ፈጅቷቸዋል። በመሃል ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ መጣ። በ2003ቱ ጊዜ ባለሙያዎች ቀበሮዎቹን እየያዙ ከተቡ፤ ወረርሽኙም ሳይስፋፋ ቆመ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚበላ ክትባት እየተሰጣቸው ነው።

ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ የዱር በግ አለ። የቤት በግና ፍየል እነሱን እምብዛም የማይጎዳ የሳንባ ተሕዋስ ይዘው ይዞሩና ለዱሩ በግ ያስተላልፉበታል፤ እሱ ግን መንጋው በሳል ያልቃል። ስለዚህ በ2010 አይዳሆ ውስጥ ያለው የፔየት ብሔራዊ ደን የበግ ግጦሹን በብዙ እጅ ቀነሰ። ዋዮሚንግ ያለው የሾሾኒ ብሔራዊ ደን ደግሞ የጭነት ፍየል በዱር በጎቹ መኖሪያ እንዳያልፍ እስከመከልከል ደርሷል። እኛ በቅሎና አህያ እንደምንጭነው ፍየል ላይ ድንኳናቸውን ጭነው ተራራ የሚወጡ ሰዎች አሉ ስላችሁ እመኑኝ!

እኔም ይህን ሁሉ አንብቤ፣ መፍትሔውን በኪሴ ይዤ፣ ለፋሲካ ወደ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ውሻውን ለምን አታስሩትም?" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ! ውሻዬን አስሬ በጌን ማን ሊጠብቅልኝ ነው? ያንቺ ቀበሮ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ግን እንዲህ አሉ፦ "መርፌውን ይዞ የሚመጣ ካለ እኔው ራሴ ይዤ አስወጋዋለሁ። እስካሁን ግን ከልክለነዋል ሊል የሚመጣ እንጂ ሊወጋ የሚመጣ አላየሁም።"

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ባለፍየል ሲከለከል የሚቀርበት የዕረፍት ጊዜ ጉዞ ነው። አጎቴ ውሻቸው ሲታሰር የሚቀርባቸው በግ ነው፤ በግ ማለት ደግሞ የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የበዓል ልብስ ነው። ገበያተኛውም ቢሆን በቅሎውን ጭኖ ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። በየዳገቱ ቆሞ የሚመልሰው ማን ነው?

እኔ ክልከላውን አልቃወምም። ውሻ ደኑ ውስጥ መዞር የለበትም፤ ከብቱም የቀበሮውን አይጦች የሚያኖረውን ሣር መጨረስ የለበትም። ግን ነገር በተራው ነው። መጀመሪያ ክትባቱ፣ ቀጥሎ ገመዱ። የእብድ ውሻ በሽታን ለማቆም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ይኼ የቀበሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያበደ ውሻ ቀበሮውን ከመንከሱ በፊት እረኛውን ልጅ ሊነክስ ይችላል። ግጭት ባለበት ሃገር የውሻ ክትባት ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ይህን ልጅ ያስብልኝ።

ክልከላ ራሱ ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳን የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት (የሰሞኑን ቄሮ አይደለም፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረውን ነው የምላችሁ) ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ያቆየው ነበር። የዘጉትም፣ የሚከፍቱትም፣ ሲከፈት የሚያጭዱትም እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን መልሶ አደራጀውና ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮውም እዚያው አለ።

የአጎቴን ውሻ ለማሰር የሚመጣ ሰው እንግዲህ በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው መርፌውን ይዞ ይምጣ። ገመዱን ብቻ ይዞ ከመጣ ውሻው ማታ ይፈታል። እኔም ብሆን እፈታዋለሁ።