ስለ አንድ ገበሬ ትውልድ አቈጣጠር

የነገሥታትና የመኳንንት ትውልድ ጸሐፊ አያጣም። ዜና መዋዕላቸው በብራና ተጽፎ፥ የርስታቸው ወሰን በመዝገብ ገብቶ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የገበሬና የከብት አርቢ ትውልድ ግን በሽማግሌ አፍ ብቻ ይኖራል፤ ሽማግሌው በሞተ ጊዜ አብሮ ይቀበራል። እኔ ራሴ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ስለ ሆንሁ፥ የአባቶቼን ቈጠራ ለመፈለግ የደከምሁትንና በመጨረሻም ያገኘሁትን ለአንባቢዎች ብነግር የሚጠቅም ይመስለኛል።

የተወለድሁት በሆለታ ነው። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በወልመራ አገር ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሰፊ ሜዳ ነው። መሬቱ በክረምት እግር የሚይዝ፥ በበጋም የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። ውሃ የሚተኛበትን ጨፌ ከብት ይግጠዋል፤ ከፍ ባለው ላይ ስንዴና ገብስ፥ ጤፍና ባቄላ ይበቅልበታል። አባቴ በዚህ ሜዳ ሲያርስና ከብት ሲያረባ ኖሮ ሞተ። እኔ ግን ገና በልጅነቴ አኮፋዳ አንግቼ ወደ ተማሪ ቤት ሄድሁ፤ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ስሻገር ወጣትነቴ አለቀ። የማቴዎስን ወንጌል በአንድምታ ስማር፥ ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14፥ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ 14፥ ከምርኮም እስከ ክርስቶስ 14 ትውልድ መሆኑን ከነስሙ በቃሌ ይዤ ነበር። የአባቴ አያት ማን እንደ ሆነ ቢጠይቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ይህም ነውር መሆኑ ለብዙ ዘመን አልታየኝም።

አባቴ ሊሞት ጥቂት ዓመት ሲቀረው፥ ለፋሲካ ብሄድ፥ «ልጄ፥ አንተ መጻፍ ታውቃለህ፤ እኔ የማውቀውን ልንገርህና ጻፈው» አለኝ። እኔም «ለመስቀል ስመጣ እጽፈዋለሁ» አልሁት። መስቀል መጣ፥ አለፈም፤ እኔ አልሄድሁም። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። በመጨረሻ የሄድሁት ለቀብሩ ነው። በዚያን ጊዜ ጸሎተ ፍትሐት ሲደረስ ቆሜ ያሰብሁት ያን ያልተጻፈ ወረቀት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ የወንድሜ ልጅ ወደ እኔ መጣ። ይህ ልጅ የአያቱን ሥራ ይዞ በሆለታ ላም ያረባል። ቀድሞ በአባቴ በረት ከነበሩት ያገር ላሞች ይልቅ፥ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የቦረናን ላም ከፍሪዥያንና ከጀርሲ እያዳቀለ ሲያጠና እንደ ኖረው፥ የተዳቀሉትን ይመርጣል። ወተቱንም ጧትና ማታ ወደ መሰብሰቢያው ይወስዳል። በዚያም ወተት የምታመጣ የጎረቤት ልጅ ወዶ ኖሮ፥ «ጋሼ፥ ሽማግሌ ልልክ አስቤአለሁ፤ ነገር ግን የእሷ ወገኖች ሰባት ቤት ቁጠሩ ይሉናልና፥ እርስዎ ይቁጠሩልኝ» አለኝ።

ሰባት ቤት መቁጠር ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ባገራችን የሚጋቡ ሰዎች እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና እንዳይኖራቸው ወገን ከወገን ይመረምራል። አባት፥ አያት፥ ቅድመ አያት፥ ምንዝላት፥ እንጅላት፥ ፍናጅ፥ ቅናጅ እያለ ይወጣል፤ ስያሜው ከአገር አገር ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ነው። በኦሮሞም ወገኖቻችን ዘንድ ጐሣውን አጥርቶ ሳይቈጥር የሚያጋባ የለም። እኔ ግን ከአያቴ በላይ መውጣት አቃተኝ።

ልጁ የላሞቹን ደብተር አሳየኝ። እያንዳንዷ ጊደር በጆሮዋ ቁጥር አላት፤ በደብተሩም የእናቷ ቁጥር፥ የአባቷ ኮርማ ቁጥር፥ የተወለደችበት ቀን ተጽፏል። «ይህን ለምን ታደርጋለህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «አባትና ልጅ እንዳይገናኙ ነው፤ ዘራቸው የተቀራረበ እንደ ሆነ ጥጃው ይደክማል፥ ወተቱም ይቀንሳል» አለኝ። የበረቱ ላም ትውልዷ ተጽፎላት ሳለ፥ የበረቱ ባለቤት ትውልድ ሳይጻፍ መቅረቱ እጅግ አሳፈረኝ። ጥፋቱም የእርሱ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ስለዚህ ፍለጋ ጀመርሁ። አስቀድሜ የመሬት መዝገብ ይኖር እንደ ሆነ አሰብሁ። ነገር ግን አባቴም አያቴም ጭሰኞች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የሚያርሱት መሬት የሌላ ሰው ነበርና፥ በመዝገብ የሚገኘው የባለ መሬቱ ስም እንጂ የአራሹ አይደለም። ቀጥዬ ወደ ደብሩ ሄድሁ። በዚያ የምታውቀኝ አንዲት የሰበካችን ሴት የአያቴን የክርስትና ስም አስታወሰችኝ፤ ከዚያ በላይ ግን አልተገኘም። አያቴ በ1927 ዓመተ ምሕረት የስዊድን መኰንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ገነት በተከፈተ ጊዜ ጭድ ይሸጥ እንደ ነበረ፥ በሚከተለውም ዓመት ጠላት ሲመጣ ከብቱን ወደ ጫካ እንዳሸሸ አባቴ ሲያወራ ሰምቼ ነበር። የበሬዎቹንም ስም ሁሉ እናውቃለን፤ ቡሬ፥ ዳለቻ፥ ቦቃ ይባሉ ነበር። የአያቴን አባት ስም ግን የሚያውቅ ከቤታችን አልተገኘም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረን። በአባቴ ቤት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ፥ ከጢሱ ብዛት የጠቆረ፥ ለአንድ ጥጃ ማሰሪያ የሚሆን አጭር ጠፍር ነበረ። አባቴ «ይህ የአባታችን ርስት ነው» ሲለን፥ እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። አሁን ግን ጠፍሩን አውርጄ፥ ዘጠና ዓመት ወደ ሞላቸው ወደ አንዲት የጎረቤት አሮጊት ሄድሁ። እኒህ እናት ልጁ ሊያገባት ላሰባት ልጅ የቅድመ አያቷ እኅት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟልና ጠፍሩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጥቂት ዝም ብለውም፥ «ልጄ፥ ይህን እስከ ዛሬ አልጣላችሁትምን?» አሉኝ። ከዚያም ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ።

አንባቢ እንዲረዳው ዘመኑን ማስታወስ ይገባኛል። በ1880 ዓመተ ምሕረት ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት መጣ የሚባለው ደስታ በሽታ በአገራችን ገባ። በጥቂት ጊዜም ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዛመተና ከ10 ከብት 9ኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ተፈታ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት የቆየው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር፥ በሬ የሌለው ሰው በእጁ እንዲያርስ ምሳሌ እንደ ሆኑ በታሪክ ተጽፏል። ያ በሽታ በ2003 ዓመተ ምሕረት ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ በይፋ ተነግሯል። የሰውን ፈንጣጣ ተከትሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። ዜናውን በሰማሁ ጊዜ ከእኔ ቤት ጋር ነገር እንዳለው አላወቅሁም ነበር።

አሮጊቷ የነገሩኝ እንዲህ ነው። በክፉ ቀን አንድ የስምንት ዓመት ያህል ልጅ ብቻውን ከሰሜን በኩል መጥቶ በአያታቸው በረት ደጃፍ ወደቀ። በእጁ ጠፍር ይዟል፤ በጠፍሩ የታሰረ ጥጃ ግን የለም። «ጥጃው ወዴት ነው?» ቢሉት፥ «በመንገድ ሞተ፤ እናቴም ሞተች» አለ። አገሩን አያውቅም፤ እናቱ በጊዮርጊስ ትምል እንደ ነበረ ብቻ ያውቃል። በዚያ ቤትም ከብቱ አልቆ አንዲት ላም ብቻ ተርፋ ነበር። የቤቱ ጌታ ግን ሽማግሌዎች ጠርቶ፥ ቅቤ ቀብቶ፥ ወተት አጠጥቶ፥ «ከወለድሁት አልለየውም» ብሎ ማለና በጉዲፈቻ ልጅ አደረገው። ከአሮጊቷ አባትም ጋር ወንድማማች ሆነው አደጉ። ያ ልጅ የአያቴ አባት ነው። አሮጊቷ እስኪሞት ድረስ «አጎቴ» እያሉ ጠርተውታል። ጉዲፈቻ የሚለው የኦሮምኛ ቃል ዛሬ በመንግሥት የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል፤ እኔም ቃሉን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በቤቴ ምሰሶ ተሰቅሎ እንደ ኖረ ግን አላወቅሁም።

ደስታዬ ግን ወዲያው በጭንቀት ተለወጠ። በጣቴ ብቈጥር፥ ለወንድሜ ልጅ አባቱ ወንድሜ፥ አያቱ አባቴ፥ ቅድመ አያቱ አያቴ፥ ምንዝላቱ ያ የወደቀው ልጅ፥ እንጅላቱም ያሳደገው ሰው ነው። ለልጅቷም ያው ሰው በአምስተኛው ቤት እንጅላቷ ነው። ሰባት አልሞላም።

በዚህ ጊዜ የተማረ ሰው ፈተና ደረሰብኝ። «ዝምድናው የሥጋ አይደለም፤ ከልጁ ደም አንዲት ጠብታ ከዚያ ቤት የለችም፤ ስለዚህ ይጋቡ» ለማለት መንገድ ነበረኝ። የወንድሜ ልጅም ይህንኑ አለኝ፤ «ጋሼ፥ በላሞቼ ደብተር ቢሆን እኒህ ሁለቱ ዘመድ አይባሉም» አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ያን ሌሊት ስገለባብጥ የማቴዎስ ቈጠራ ታወሰኝ። ዮሴፍ ጌታን በሥጋ አልወለደውም፤ ቈጠራው ግን በዮሴፍ በኩል ወረደ። ዮሴፍም ራሱ፥ መተርጉማን እንደሚያትቱት፥ በማቴዎስ የያዕቆብ ልጅ፥ በሉቃስ የኤሊ ልጅ መባሉ፥ አንዱ በግብር፥ ሁለተኛው በሕግ አባቱ ስለ ሆነ ነው። በቃል ኪዳን የሆነ ልጅነት ባዶ ስም ነው እንዳልል ይህ ያዘኝ። እኔ አርባ ዓመት ይህን ሳስተምር ኖሬ፥ በራሴ ቤት ሲደርስ ልክደው ነውን?

ቢሆንም ብቻዬን አልፈረድሁም። ያገኘሁትን ሁሉ፥ ሥጋዊውንም ቃል ኪዳኑንም፥ ለሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች በጥዱ ሥር አቀረብሁ። የእነርሱ ወገን ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ብዙ አልተናገሩም። «በረኃብ ቀን ልጃችን ነው ብለን፥ በሠርግ ቀን ልጃችን አይደለም እንበልን?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚመልስ አልተገኘም። ጋብቻው ቀረ።

የወንድሜ ልጅ ለስምንት ወር አላነጋገረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ በመንገድ ብንገናኝ፥ «ባይፈልጉት ይሻል ነበር» አለኝና አለፈ። እኔም ነገሩን በልቤ እያመላለስሁ፥ ልክ ነው ብዬ አሰብሁ፤ መልሼም ልክ አይደለም አልሁ። አባቴ በነገረኝ ቀን ጽፌው ቢሆን ኖሮ፥ ሁለቱ ልጆች ገና ሳይዋደዱ ዝምድናቸውን አውቀው እንደ እኅትና ወንድም ይተያዩ ነበር። የጐዳቸው እውነቱ ሳይሆን የእውነቱ መዘግየት ነው። ያዘገየሁትም እኔ ነኝ፤ ይህን በእርሱም በልጅቷም ፊት ተናግሬአለሁ።

በዘንድሮው ጥቅምት ልጁ ሳይታሰብ ቤቴ መጣ። የላሞቹን ደብተር ይዟል። ከኋላ ያሉትን ባዶ ገጾች ገልጦ፥ «በዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አለኝ። «የትኛውን ልጻፍ? የወለደውን ወይስ ያሳደገውን?» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «የወለደውን አናውቀው፤ ግን ስፍራ ይተዉለት» አለኝ። እንዳለው አደረግሁ። በአምስተኛው ቤት ያሳደገውን ሰው ስም፥ አሮጊቷ እንደ ነገሩኝ፥ ጻፍሁ። ከጎኑም አንድ መስመር ባዶ ትቼ፥ «እናቱ በጊዮርጊስ ትምል ነበር» ብዬ ጨመርሁ። ልጁ ገና አላገባም፤ እኔም ስለዚህ ነገር አላነሣበትም። ጠፍሩ ግን ዛሬ በእርሱ ቤት ተሰቅሏል።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ በከተማ የምትኖሩ ብትሆኑም፥ ከእናንተ የአብዛኛው አባት ወይም አያት በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነው። በሕይወት ካለ፥ ለመስቀል እመጣለሁ ሳትሉ፥ ዛሬ ሄዳችሁ ጠይቁት። ስሙን ብቻ ሳይሆን፥ በክፉ ቀን ማን በር እንደ ከፈተለትም ጻፉ።