መንሽ ይዤ የከረምኩበት በጋ

ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ
ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እማዬ ጉልበቷ ተሻላት? ኔትወርክ ሲኖር እኔ ሥራ ላይ እሆናለሁ፤ እኔ ስፈታ ኔትወርኩ ይጠፋል። ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳገኝ ጊዜ በወረቀት ልጻፍ አልኩ። ሰውየው እስከ ባሕር ዳር ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ከሆነ ወንድሜ እንጅባራ ያስገባልኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፈረሳችን ዳማው ምን ሆነ? ባለፈው ወንድሜ ደውሎ “ዳማውን…” ሲል መስመሩ ተቆረጠ። ተመልሶ ሲመጣ “…ለማዳበሪያ” የምትለዋን ሰማሁና ጭራሹን ጠፋ። እነዚህን ሁለት ቃላት ሳገጣጥም ሌሊቱ ነጋ።

የዚህን አገር ፈረስ ቢያዩት ይገረማሉ። ጀርባው ከ160 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ዳማው አጠገቡ ቢቆም ልጁ ይመስላል። መስኩ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲለብስ ዘንገና ሐይቅ ዳር የቆምኩ ይመስለኛል። ታዲያ የእነሱ ፈረስ ሜዳ ላይ ነው ጉራው። የእኛን ዳገት አሳይተው እንወዳደር ቢሉኝ፣ የወር ደመወዜን በዳማው አስይዝ ነበር።

ፈረስ እርባታው ውስጥ ሥራ የገባሁ ሰሞን የደረሰብኝን ልንገርዎ፤ ይቺን ግን ለእማዬ አያንብቡላት። ባዝራዎቹን ከመስክ ስናስገባ አንዷ ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች። እኔ የእርስዎ ልጅ፣ ከኋላዋ ዞሬ “ቼ!” ብዬ አጨበጨብኩ። ደንብራ ከያዛት ልጅ እጅ አመለጠች። የጋጣው አለቃ እየሮጠ መጣና በሰው ሁሉ ፊት “ለመሆኑ ፈረስ አይተህ ታውቃለህ?” ብሎ ጮኸብኝ። አባቱ በጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል የሚጋልብ፣ አያቱ በ1932 የፈረሰኞች ማኅበሩ ሲቆም የነበሩ ሰው እንዲህ ይባላል? እንግሊዝኛዬን ሰብስቤ ሳልመልስለት መንሽ አስጨበጠኝ። ስድስት ሳምንት ፋንድያ ስዝቅ ከረምኩ። ኮርቻ ላይማ ይኸው አምስተኛ ወሬ፣ አንድ ቀን አልወጣሁም። የዘንድሮው ጥር 23ስ ተከበረ? እርስዎስ ወጡ?

ያን ሰሞን ኩርፊያዬን ያዩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን ፈረስ ሲጠብቁ የኖሩ፣ በዕረፍት ቀኔ መኪናቸው ላይ ጭነው የጥቁሩን ጋላቢ የአይዛክ መርፊን መቃብር አሳዩኝ። እዚህ ደርቢ የሚሉት ትልቅ ሩጫ በእነሱ አቆጣጠር በ1875 ሲጀመር፣ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ያሸነፈውም ኦሊቨር ሉዊስ የሚባል ጥቁር ነው። መርፊ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ሽማግሌው ምንም ምክር አልሰጡኝም፤ አሳይተው መለሱኝ። በማግሥቱ መንሹ ቀለለኝ።

የዋጋውን ነገር ደግሞ ይስሙ። ኢንቱ ሚስቺፍ የሚባል ድንጉላ አለ፤ ዘንድሮ ባዝራን በእሱ ማስጠቃት 250,000 ዶላር ነው። በባንክ ምንዛሪ ከ14 ሚሊዮን ብር ያልፋል! ደግነቱ ክፍያው የሚፈጸመው ውርንጭላው ተወልዶ፣ ቆሞ ሲጠባ ነው አሉኝ። እኔን በሰዓት 14 ዶላር ይከፍሉኛል። ፀጉር መቆረጥ 25 ዶላር ነው፤ ፎቶ ያልላክሁት ለዚህ ነው። እንጀራ በወር አንዴ ከሉዊቪል ይመጣልኛል፤ አሥሩ 15 ዶላር። ሲያልቅ አብረውኝ ከሚያድሩት ሦስት ሜክሲኮዎች ጋር ባቄላ በቂጣ እበላለሁ። ቂጣቸው የበቆሎ ነው፤ በእማዬ በርበሬ ሲበላ አይከፋም። በርበሬው ግን ከላስቲኩ ሥር ደርሷል። ጤፍስ እናንተ ጋ ስንት ገባ?

ከእነዚህ ሜክሲኮዎች የተማርኳት የመጀመሪያ ቃል “ዴስፓሲዮ” ናት፤ ቀስ ማለት ናት። ባዝራ ስይዝ፣ በር ስከፍት፣ ባልዲ ሳስቀምጥ ዴስፓሲዮ ይሉኛል። ውርንጭላ እዚህ በተወለደ በማግሥቱ መመራት ይለምዳል። አንዱን እጅ ከደረቱ፣ ሌላውን ከኋላው አድርጎ ገፋ ማድረግ ነው፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ እጅን ወዲያው ማላላት። “እሺ ካለህ በኋላ ከገፋኸው ነገ እሺ አይልህም” ይሉኛል። ዳማውን ልጓም ሳስለምደው አፉ እስኪደማ የሳብኩት ትዝ አለኝ። እርስዎ አጥሩ ላይ ተደግፈው “ላላ አድርግለት” ብለውኝ ነበር። ያኔ አልሰማሁዎትም።

የፋሲካ ነገር ሆዴን በላው። ደርቢው፣ 150ኛው፣ የዋለው ቅዳሜ ስዑር ዕለት ነበር። ሩጫው ሲጀመር እዚህ ማታ 1 ሰዓት ሊሆን ነው፤ እናንተ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን። ሌላው ቴሌቪዥን ላይ ተለጥፏል፤ እኔ ቅዳሴው የት ደርሶ ይሆን እላለሁ። ሴራሊዮን የሚባል፣ በአንድ ዓመቱ በ2.3 ሚሊዮን ዶላር የተገዛ ፈረስ ነበረበት፤ ስሙ የአፍሪካ ነው ብዬ ደገፍኩት። ሚስቲክ ዳን የሚባል ብዙ ሰው ያልጠበቀው ፈረስ በአፍንጫ ቀደመው። ሁለት ደቂቃ አለፍ ብሎ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ከእናንተስ ማን ዶሮውን ባረከ? ጎረቤት ተጠራ?

የዚያኑ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዷን ባዝራ ምጥ ያዛት። የእነሱ ሕግ አጭር ናት፦ ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ይቁም፣ በሁለት ሰዓት እንገሩን ይጥባ፣ በሦስት ሰዓት እንግዴ ልጁ ይውጣ። ውርንጭላው በ40 ደቂቃ ቆመ፤ እትብቱን መድኃኒት ነከርኩለት፤ ጠባም። እንግዴ ልጁ ሲወጣ እንደ ልማዳቸው ወለል ላይ ዘርግተን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየነው። አንደኛው ጫፍ ጎድሏል። አለቃው፣ ያው የጮኸብኝ ሰው፣ ወዲያው ሐኪም ጠራ። የቀረችው ቁራጭ ሆድ ውስጥ ከሰነበተች ባዝራዋን ትመርዛታለች፤ ኮቴዋን አቃጥላ ትጥላታለች፤ ትገድላታለችም።

አባባ፣ የዳማውን እናት አስታወስኳት። በወለደች በሦስተኛው ቀን ቆማ መራመድ አቅቷት፣ እሳት የረገጠች ያህል እግሯን ስታነሳ ስትጥል አልነበር? ዓይን በላት አልን። ጠበል ረጨን። እንግዴ ልጁን ግን ወጣ ብለን ሳናየው ለውሻ ጥለነው ነበር። ለካ ሌላ ነገር ሊሆን ይችል ኖሯል። እዚያው ድርቆሹ ላይ ተቀመጥኩና በሁለት የተቀቀለ እንቁላል ጾሜን ፈታሁ። አለቃው አጠገቤ መጥቶ ቡና ሰጠኝ፤ ቡናቸው ውኃ ነው። “ጎበዝ” አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በስሜ ይጠራኛል።

ስለዚህ አደራ እልዎታለሁ። በየትኛውም ቤት ባዝራ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ዘርግታችሁ እዩት፤ ከጎደለ ወይም በሦስት ሰዓት ካልወጣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የዳማውንም ኮቴ ማታ ማታ ወንድሜ በእንጨት ይጠርግለት፤ ጠጠር እንዳያድርበት። ውርንጭላ ሳለ እማዬ የላም ወተት በጣቷ እያጠባች ያሳደገችው ነው። ይህንን ለእርስዎ ማስታወስ አይገባኝም፤ ግን ማዳበሪያ የሚሉት ዕዳ ሰውን እንደሚያስረሳ አውቃለሁ።

በዚሁ ሰው እጅ 400 ዶላር ልኬያለሁ፤ ማዳበሪያው በእሱ ይገዛ። ካነሰ የሰኔው ደመወዜ ይጨመርበታል። ዳማውን አይሽጡት። ሸጠውትም ከሆነ የገዛው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ