የቅንድብ ቅዳሜዎች

ቅንድብ እንዴት እንደምወድ! ከሰው ጋር ስተዋወቅ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ከጥርስ በፊት፣ ከጸጉር በፊት። ይህ ፍቅር ደግሞ ከሳሎን የመጣ አይደለም። ደሴ ውስጥ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአንዲት ወረንጦ የተጀመረ ነው።

ወረንጦዋ የአያቴ ነበረች። በእሱ ዘመን ገጠር ውስጥ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ያለ ወረንጦ መንገድ አይወጣም፤ የግራር እሾህ መች ቀጠሮ ይሰጣል? ቀጥቃጭ ከስስ ብረት አጥፎ የሠራትን ትንሽ መቆንጠጫ በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። አያቴ ከተማ ገብቶ ጫማ ሲለምድ ወረንጦዋ ሥራ ፈታች፤ በእማዬ የስፌት ሣጥን ውስጥ ከመርፌና ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ተኛች። እኛ አገኘናት! ዕድሜዋን ሙሉ እሾህ ስትነቅል የኖረች ብረት በእኛ እጅ የሰፈር ልጃገረዶችን ሁሉ ልታሳምር ተነሣች። ከእሷ በፊት የነበረን ምላጭ ብቻ ነበር። ምላጭ ጸጉሩን ከቆዳው ላይ ይቆርጠዋል እንጂ አይነቅለውም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲነኩት የሚሻክር ሆኖ ብቅ ይላል። ወረንጦ ግን ከሥሩ ይዛው ትመጣለች። ቦታው ለሳምንታት ልስልስ እንዳለ ይቆያል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሲሆንና ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ መስኮቱ ሥር እንሰበሰባለን። ለቅንድብ የአምፖል ብርሃን አይሆንም፤ የቀን ብርሃን ነው እያንዳንዷን ጸጉር አንድ በአንድ የሚያሳየው። ባለሙያዋ የአክስቴ ትልቋ ልጅ ነበረች። እትዬ ነበር የምንላት፤ በዕድሜ ብዙ አትበልጠንም፣ ግን ወረንጦ የያዘ ሰው ይከበራል! መጀመሪያ ከማንቆርቆሪያው በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቅንድባችን ላይ ታደርጋለች። ቆዳው ይለሰልስና ሕመሙ ይቀንሳል። ከዚያ ከእናቷ የሙዳይ ስፌት የተረፈች አንዲት ስንደዶ ታነሣለች።

የስንደዶዋ ነገር ዛሬም ያስደስተኛል። ከአፍንጫ ጎን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ስታቆማት የነካችበት ቦታ የቅንድቡ መጀመሪያ ነው። ከዚያው ከአፍንጫ ጎን ሳትነሣ በዓይን ብሌን መሐል አሳልፋ ስታጋድማት ደግሞ ቅስቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ይታወቃል። እንደገና ወደ ዓይን ጠርዝ ስታዞራት የጅራቱ መጨረሻ ይሆናል። በቃ! ሦስት ልኬት። ዛሬ የዓለም ታላላቅ የውበት ባለሙያዎች በእርሳስ የሚለኩት ይህንኑ ነው፤ እትዬ ግን ማንም ሳያስተምራት በስንደዶ ትለካው ነበር።

ቀጥሎ የግራ አውራ ጣቷን ከቅንድቡ በላይ ታሳርፍና ቆዳውን ወጠር ታደርገዋለች። «ጸጉሩ ወደ ጆሮሽ እየሄደ ነው፤ ወደዚያው እንሸኘው» ትላለች። ጸጉር ወደበቀለበት አቅጣጫ ሲነቀል አይሰበርም፣ ቆዳውም ብዙ አይቆጣም። ሁልጊዜ ከታች በኩል፣ አንድ አንድ እያለች። «አብሽሪ፣ አብሽሪ እታለም፣ አለቀ!» አላለቀም፤ እኛ ግን እናምናታለን።

ከዚያ ማስነጠሱ! ወይ ጉድ፣ ማስነጠሱ! ሦስተኛዋ ወይ አራተኛዋ ጸጉር ላይ አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ይማርሽ!» እንላለን፣ እሷም «ያኑራችሁ» ሳትል ደግማ ታስነጥሳለች፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል፣ እማዬ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» ትላለች። ብርድ ነው እንል ነበር። ኋላ ነው ምክንያቱን ያነበብኩት፦ ለቅንድብ አካባቢ ስሜት የሚሰጠው ነርቭና አፍንጫ ውስጥ የሚገባው የአንድ ነርቭ ቅርንጫፎች ናቸው። ቅንድብ ላይ ሲቆነጠጥ አፍንጫም የተነካ ይመስለዋል። ይህን ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ! በዚያ መስኮት ሥር ያስነጠሱትን ሁሉ ደውዬ ልነግራቸው ቃጣኝ፤ ለሁለቱ ነገርኳቸው።

የዘመኑ ቅንድብ ቀጭን ነበር፣ ክር የመሰለ። እኛም ፈጠርነው ብለን ነበር። እማዬ አንድ ቀን ምንም ሳትል አልበሟን አውጥታ ጭናችን ላይ አስቀመጠችው። በ1960ዎቹ ፎቶ ቤት የተነሣችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ፦ አፍሮ ጸጉር፣ አጭር ቀሚስ፣ ከዚያ በላይ በእርሳስ የተሳለ ቀጭን፣ ቅስት የሆነ ቅንድብ! ከኛ የቀጠነ! ያን ቀን እናቴን እንደ አዲስ አየኋት። ከእሷ በፊት ደግሞ ማርሊን ዲትሪክ በ1930ዎቹ፣ በፈረንጆቹ፣ እንዲሁ አቅጥናው ፊልም ላይ ታይታለች። ወደኋላ ብንሄድ ማለቂያ የለውም። ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመት በፊት ስለ ግብፃውያን ሲጽፍ፣ ድመት የሞተበት ቤት ሰዎች ሁሉ ቅንድባቸውን ይላጫሉ ይላል። ለድመት! የሰው ልጅ ሐዘኑንም ደስታውንም ቅንድቡ ላይ ሲጽፍ ነው የኖረው።

አሁንስ? አሁን አዲስ አበባ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ዙሪያውን መብራት ያለው መስታወት አለኝ። ፊትን አጉልቶ ያሳያል። ወረንጦዬ ጫፏ ሰያፍ ሆኖ የተሞረደ ነው፤ ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ሳትነካ የፈለግኋትን አንዲት ጸጉር ብቻ ትይዛለች። ለበዓል ሲሆን ሳሎን እሄዳለሁ። የምትሠራኝ ልጅ ቤይሩት ሳለች የተማረችውን በክር የመንቀል ሙያ ታውቃለች፤ ክሩን ጥርሷ ላይ ይዛ በጣቶቿ ስታጠነጥን አንድ ረድፍ ባንዴ ይነሣል። ጎበዝ ናት። ቢሆንም ቤት ውስጥ፣ በራስ እጅ፣ ቀስ እያሉ የሚሠራውን የሚያህል የለም! ሰዓቱ የራስ ነው፣ ዝምታው የራስ ነው፣ ሁለት ጸጉር ነቅሎ ከመስታወቱ ራቅ ብሎ ማየት፣ ደግሞ ሁለት።

በነገራችን ላይ፣ የኔ ትውልድ ሴቶች ቅንድብ ለምን አንዳንድ ቦታ ላይ እንደሳሳ ለሚጠይቁ፦ የተነቀለ ጸጉር ተመልሶ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ወር፣ ሁለት ወር ይፈልጋል፤ ዓመታት ሙሉ ሲነቀል የኖረ ሥር ግን ሊደክም፣ ማብቀሉንም ሊያቆም ይችላል። ወፍራም ቅንድብ ፋሽን ሆኖ ሲመጣ ሁላችንም ወደ እርሳስና ወደ ጉሎ ዘይት የሮጥነው ለዚህ ነው። እርሳሱም ቢሆን ደስ ይላል! አጫጭር መስመር፣ አንዷ ጸጉር በአንዷ ጎን፣ ሶፊያ ሎረን እንደምትስለው።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች። ቅንድቧ ጥቁር፣ ሙሉ፣ ወደ ላይ የተቦረሸ፤ የሚያስቀና። እኔ እሱን እያየሁ ስደነቅ እሷ የእማዬን አልበም ትገልጣለች። «አክስቴ! ይሄ ቀጭኑ ቅንድብ እኮ አሁን ተመልሷል፤ ጓደኞቼ ሁሉ እያቀጠኑ ነው። ሥሪልኝ!» አለችኝ። ልቤ ዘለለ! ስንደዶ ስላልነበረ እርሳስ አነሣሁ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኋት፣ ሦስቱን ቦታ ለካሁ። ድርድር ተጀመረ። እሷ ከላይም ከታችም ትላለች፣ እኔ ከታች ብቻ። እሷ ሦስት ረድፍ፣ እኔ አንድ። «አክስቴ፣ እሺ ሁለት!» አለች፣ ሳቀች፣ ወዲያው አስነጠሰች፤ ገና አልነካኋትም እኮ! አንድ ረድፍ ተኩል ላይ ተስማማን፣ ግራውን ጀመርኩ።