የማይታየውን “የት ነህ?” ማለት

መብራት ሲጠፋ የኛ ሰፈር ሰው መጀመሪያ ሻማ ይፈልጋል፤ ካጣ ደጅ ይወጣል። እኛም በቀደም ሻማ አጥተን ወጣንና ሰማዩን አየን። ከመሃላችን አንዱ፣ “ይሄስ የሚታየው ነው፤ የማይታየውስ?” አለ። ሳቅን። ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከትሎን ገባ።

ለነገሩ ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። ጋላክሲዎች የሚዞሩበት ፍጥነት፣ ከሚታየው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የማይታይ ነገር እንዳለ ይናገራል። ዳርክ ማተር ይሉታል። አንዱ ግምት “የኛን ጋላክሲ የከበቡ፣ ብርሃን የሌላቸው ኮከብ አከል አካላት ይሆናሉ” የሚል ነበር። ፖላንዳዊው ቦህዳን ፓቺንስኪ በ1986 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንደዚሁ) መላ አመጣ፦ እንዲህ ያለ አካል ከሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፍ ስበቱ ብርሃኑን እንደ ሌንስ ይሰበስበዋል፤ ኮከቡ ለጊዜው ደምቆ ይመለሳል። አንስታይን በ1936 ይህንኑ አስልቶ፣ በዓይን ለማየት ተስፋ የለውም ብሎ ነበር። በ1993 ታየ!

ታየ፤ ግን ሌንሱ የት ነው ያለው? ከድምቀቱ የሚገኘው ዋና ቁጥር “ስንት ቀን ፈጀ” የሚለው ብቻ ነው። ክብደቱ፣ ርቀቱና ፍጥነቱ እዚያች አንዲት ቁጥር ውስጥ ተደባልቀዋል። ልክ ከማናውቀው ቁጥር እንደሚመጣ ሚስድ ኮል፣ መደወሉን እንጂ ከየት እንደሆነ አይናገርም።

ሌንሱ ጥንድ ኮከብ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ፀሐይ ላይ ያለ የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ የሚጥለውን ስል የብርሃን መስመር አይታችኋል? ጥንዶቹም እንዲህ ያለ መስመር ይሠራሉ። ከኋላ ያለው ኮከብ መስመሩን ሲሻገር ድንገት ይደምቃል። የኮከቡ ስፋት ከቀለሙና ከድምቀቱ ይሰላል፤ ለመሻገር የፈጀበት ሰዓት ሲጨመርበት፣ ሌንሱ ሰማይ ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይታወቃል። ከታክሲ መስኮት የስልክ እንጨቱ ሲሮጥ እንጦጦ የቆመ እንደሚመስለው፣ ቅርብ ያለው ይፈጥናል፤ ሩቁ ያዘግማል።

በሰኔ 1998 ይህ ተሞከረ። ትንሹ የማጀላን ደመና በሚባለው፣ 200 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ያለ አንድ ኮከብ ጥንድ ሌንስ ገጠመው። ተመራማሪዎች ሁለተኛው መሻገር መቼ እንደሚሆን ቀድመው ተንብየው፣ በተለያዩ አህጉራት ቴሌስኮፕ ደግነው ጠበቁ። ዋናው ቅጽበት ሲደርስ ሌሊቱ የአፍሪካ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ሰዘርላንድ ላይ ያለው የአንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ያዘው። ሌንሱ የኛ ጋላክሲ ዙሪያ ቢሆን ኮከቡ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በተሻገረ ነበር። የፈጀው ግን ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥንዶቹ ከዳርክ ማተሩ ሳይሆኑ እዚያው ሩቁ ጋላክሲ ውስጥ ያሉ ተራ ኮከቦች የመሆናቸው ነገር እጅግ አመዘነ።

አንድ ጥንድ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ነገር ግን ኢሮስ የተባለው ቡድን በ2007፣ ኦግል የተባለውም በ2024 ያወጧቸው የብዙ ዓመታት ምልከታዎች ወደዚያው አደሉ፦ እንዲህ ያሉ አካላት የዳርክ ማተሩን ዋና ክፍል አይሞሉም።

እኛ “አይደለም” የሚል መልስ ይዞ መምጣት እንደ መውደቅ ሲቆጠር ነው ያደግነው። እነዚህ ሰዎች ግን ለአንድ “እዚህ አይደለም” ሌሊት ተቀባበሉ። ለወዳጃችንም ያለን መልስ ይኸው ነው፦ የማይታየው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ የት እንደማይገኝ ግን ተለክቷል። ይሄም መልስ ነው፣ ጎበዝ!