መኪና ፍሬን ሲያዝ ስለምን ይንቀጠቀጣል?

ፍሬን ሲያዝ የሚንቀጠቀጥ መኪና አድማጭ ካገኘ በሽታውን ራሱ ይናገራል። መሪው በእጅ ላይ ከተንዘፈዘፈ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው፤ መቀመጫው ከተናጠ ግን ከኋላ ይፈለግ። ፍሬን ሳይያዝም የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ የጎማው ሚዛን ይመርመር።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት ለእኛ ለጉለሌ ልጆች የፍሬን ትምህርት ቤት ነው። አንዳንድ ሾፌር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሽ ፈትቶ፣ ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ ይወርዳል። ዲስኩ ይግላል፤ ሸራውም በጋለው ብረት ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ይለጠፋል። ሰው ሁሉ «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው የውፍረቱ እኩልነት ነው፤ ለዚህም የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ይበቃል። ይባስ ብሎ የፍሬኑ ዘይት የፈላ እንደ ሆነ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል፤ ታች ደግሞ ገበያተኛው መንገድ ይሻገራል። በሁለተኛ ማርሽ ቢወርድ ኖሮ ሞተሩ ራሱ መኪናውን በያዘው ነበር።

የአጎቴ ሚኒባስ መሪ በተንዘፈዘፈ ጊዜ አንድ መካኒክ «ዲስኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጥ» አለ። ርካሽ ነውና አጎቴ ወደዱት። እኔ ግን በዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብቤ፣ አስቀድሞ ይለካ ብዬ አጥብቄ ለመንኳቸው። ተለካ፤ ከልኩ አንሶ ተገኘ። ቢላጥ ለጊዜው መንቀጥቀጡ በቆመ ነበር፤ የሳሳ ዲስክ ግን ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃልም። አጎቴ የብዙ ቀን ገቢያቸውን እያሰቡ ዝም አሉ፤ ኋላም ሁለቱን የፊት ዲስኮች ከነሸራቸው አዲስ ገዙ።